ልጁ ዳቦውን ያድርስ



ልጆቻችን «ቶዳ» ማለት ያውቃሉ። አያቶቻችን ደግሞ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላሉ። ልብ ብለን ብንሰማው፣ «ውለታህን እኔ መመለስ ባልችል፣ እሱ ይስጥህ» ማለት ነው። በአማርኛችን ማመስገንና መስጠት አንድ ላይ ናቸው።

ይህን ለልጅ በወሬ አናስተምረውም፤ በእጁ ይሥራው እንጂ። ስግድ እየደረሰ ነው። ወላጆቻችን በጎንደር፣ በአምቦበር አካባቢ፣ ከዮም ኪፑር ተቆጥሮ በ50ኛው ቀን ጾመው ተራራ ይወጡ ነበር። ከጸሎቱ በኋላ ወርደው አብረው ይበሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ክኔሴት ስግድን በሕግ የአገር በዓል አደረገው፤ እኛም በአውቶቡስ ኢየሩሳሌም እንሄዳለን። እዚህ ናታንያ ግን ደረጃ መውረድ ያቃታቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ቤት ይቀራሉ።

ስለዚህ ወላጆች፣ ዳቦውን እናንተ አታድርሱላቸው፤ ለልጁ ስጡት። በሩን እሱ ያንኳኳ፣ በሁለት እጁ ይስጥ፣ ቁጭ ብሎም ይመረቅ። አማርኛው ካልገባው እኛ ወጣቶቹ አብረነው ሄደን እንተረጉምለታለን። «አሜን» እንደሆነ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው።

መልካም በዓል!