ስለ ቮልስ ሞተር አጠባበቅ በጠቅላላ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር



በስብሰባው ላይ ስለ ቮልስ የተናገርነውን ጸሐፊያችን በጽሑፍ ስጡን ስላሉን ይኸው አቅርበናል። አስቀድመን ግን እንናገር፤ እኛ መካኒክ አይደለንም። ትምህርታችንም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። በአንድ መሥሪያ ቤት ጋራዥ ውስጥ የመለዋወጫ ዕቃ መዝገብ ያዥ ሆነን ነው ጡረታ የወጣነው። ይሁን እንጂ የትኛው ዕቃ ለምን እንደ ወጣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስንጽፍ ስለ ኖርን፥ ሞተርን ምን እንደሚገድለው ከወረቀቱ ተምረናል።

ነገሩን ያነሣነው ባለፈው ዓመት ባለቤቷን በቀበርንላት እኅታችን ምክንያት ነው። ሟቹ የተወላት ቤቱንና አንዲት 1300 ቮልስ ነው። ከአርባው በኋላ መኪናዋ አልነሣ አለች፤ ብትነሣም ትንቀጠቀጣለች፥ ዳገት አትወጣም። አንድ ጋራዥ አየና «ሞተሩ አብቅቷል፥ በቁራጭ ብረት ዋጋ እንውሰድልሽ» አላት። ልጅዋ በመኪናዋ ዕቃ እያመላለሰ ቤቱን ሊደግፍ አስቦ ነበር። ልትፈርም አንድ ቀን ሲቀራት ወደ ዕድሩ መጥታ «ምን ትላላችሁ?» አለችን።

ይህ ሞተር ውሃ የለውም፥ ራዲያተር የለውም። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ተጋድመው በነፋስ ይቀዘቅዛሉ። የ1200ው ይዘት 1192 ሲሲ፥ ጉልበቱም 34 ፈረስ ነው። የ1300ው 1285 ሲሲ ሲሆን 40 ፈረስ አለው። ጉልበቱ ትንሽ ነው፥ አይካድም። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2400 ሜትር ግድም ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፤ ከአራት እጅ አንዱ ጉልበት እዚሁ ይቀራል። እንጦጦን ስትወጡ ቮልሷ ብታቃስት አትፍረዱባት።

ዘይቱ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው። እንደ ሌላው መኪና የወረቀት ማጣሪያ የለውም፤ ከሥሩ ያለች የሽቦ ወንፊት ብቻ ናት። ስለዚህ በየ5000 ኪሎ ሜትሩ ዘይቱን መለወጥ፥ ወንፊቷንም አውጥቶ በቤንዚን ማጠብ ግዴታ ነው። «ዘይቱ ገና ነው፥ ጨምርበት» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

ወደ እኅታችን ቮልስ እንመለስ። ሦስት ሆነን ማለዳ ሄድን። ማለዳ የሄድነው ቫልቭ የሚለካው ሞተሩ ፈጽሞ ቀዝቅዞ ሲያድር ስለሆነ ነው፤ ትኩስ ሞተር ላይ የተለካ ልክ ውሸት ነው። የቫልቩ ክዳን በሽቦ ብቻ ተይዞ ስለሚቀመጥ በካቻቢቴ ገፋ አድርጎ መክፈት ነው። ፋብሪካው ለዚህ ሞተር መጀመሪያ 0.10 ሚሊሜትር ክፍተት ይል ነበር፤ በኋላ ወደ 0.15 ከፍ አድርጎታል። ከ1ኛው ሲሊንደር ጀምሮ ፑሌጃውን ወደ ኋላ ግማሽ ግማሽ ዙር እያዞሩ 2ኛ፥ 3ኛ፥ 4ኛ ብሎ መለካት ነው። ታድያ ስንለካ በሁለት የጭስ ማውጫ ቫልቮች ላይ ስሷ ብረት ጭራሽ አልገባ አለች። ክፍተት የለም!

ብዙ ሰው ቫልቭ ሲንጫጫ ይደነግጣል። የሚንጫጫውስ ክፍተቱ የበዛ ነው፥ ቶሎ አይጎዳም። ክፉው ዝም ያለው ነው። ክፍተት ያጣ ቫልቭ በደንብ አይዘጋም፤ ካልዘጋ ሙቀቱን ለቴስታታው አያስተላልፍም፥ ይቃጠላል፤ ከባሰም አንገቱ ተቆርጦ ፒስተኑን ይበሳል። ይህ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው በ3ኛው ሲሊንደር ነው፤ በሾፌሩ በኩል ወደ ፊት ያለው ማለት ነው። በአሮጌዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ከእርሱ በላይ በነፋሱ መንገድ ላይ ስለ ቆመ የሚደርሰው ነፋስ የሞቀ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1971 ሞዴል ወዲህ ማቀዝቀዣውን ዘወር አድርገውታል።

አስተካክለን ስናስነሣት ሦስቱ ሲሊንደሮች ሠሩ፤ 3ኛው እንቢ አለ። ቫልቩ ተቃጥሎ ነበር። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ስለሆነ በክሪክ አወረድነው፤ ቴስታታውን ሌላ ጋራዥ ወስደን አንድ ቫልቭ ተለወጠ። ፒስተኑ ደኅና ነበር። «አብቅቷል» የተባለው ሞተር ይኸው ዛሬም ልጅዋን ይዞ ይሠራል። እናንተ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ብታስለኩ እዚህ አትደርሱም።

ደግሞ የራሳችንን ጥፋት ሳንናገር ብናልፍ አይገባም። በ1985 ዓ.ም. የወንድማችንን ቮልስ ተውሰን ደብረ ዘይት ለቅሶ ልንደርስ ስንሄድ የዲናሞው ቀይ መብራት በራ። «ባትሪ አይሞላም ማለት ነው፥ ከቀብሩ በኋላ እናያለን» ብለን ነዳን። በቮልስ ግን ዲናሞውንና ነፋሱን የምታዞረው አንዷ ቺንጋ ናት። ቺንጋዋ ተበጥሳ ኖሮ ሞተሩ ያለ ነፋስ ነደደና ደረቀ። ቀብሩ አመለጠን፥ የወንድማችንንም ሞተር ከፈልን። ስለዚህ ያ መብራት በጉዞ ላይ ከበራ ወዲያው ቁሙ፥ አጥፉ። አንድ ትርፍ ቺንጋ፥ 21 ቁልፍና ካቻቢቴ ከመኪናው አይለዩ።

በሞተሩ ዙሪያ ያለውን ቆርቆሮ አውልቃችሁ የጣላችሁ አላችሁ፥ አይተናል። መልሱት። ትኩሱ አየር ተመልሶ እንዳይሳብ የሚከለክለው እርሱ ነው።

የቤንዚን ጎማ ቱቦውን ግን ዛሬውኑ እዩት። ከላይ በጨርቅ ስለተሸፈነ ውስጡ ሲሰነጠቅ አይታይም። ቤንዚኑ የሚንጠባጠበው በትኩስ ሞተር ላይ ነው፤ የሞተሩ አካል ደግሞ የማግኒዥየም ቅይጥ ስለሆነ አንዴ ከተቀጣጠለ ውሃ ማፍሰስ እሳቱን ያባብሰዋል። በየዓመቱ ለውጡት። የቱቦው ዋጋ ከአንድ ካንዴላ አይበልጥም።

ሞዴሏ በፋብሪካ ከቆመች ቆይታለች፤ የመጨረሻዋ በሜክሲኮ ፑዌብላ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በአገራችንም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቤንዚን የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሏል። የያዝነው ካለቀ ሌላ በቀላሉ አናገኝም።

የቫልቭ መለኪያዋን ለዕድሩ ሰጥተናል፤ ከድንኳኑና ከወንበሩ ጋር በንብረት ክፍሉ ተመዝግባለች። የሚፈልግ ፈርሞ ይውሰድ፥ ማታውን ይመልስ። እሑድ እሑድ ከማለዳው 12 ሰዓት ጀምሮ ቤታችን አለን፤ ሞተሩን ሳታስነሡ ገፍታችሁ አምጡ።