ዶሴው የእኛ፣ ቁልፉ የማን?

(ለጎንደር ነጋዴዎችና ለጽሕፈት አገልግሎት ባለቤቶች የተሰናዳ ንግግር)



ከፒያሳ እስከ አዘዞ፣ ከጎንደር እስከ ደባርቅ ማመልከቻ የሚጻፍበት፣ ውል የሚዘጋጅበት ኮምፒውተር በየሱቁ አለ። ዕቃውን ገዝተነዋል። ውስጡ ያለው ዊንዶውስና ዎርድ ግን የማይክሮሶፍት ንብረት ነው። ብዙዎቻችንም በፍላሽ ተገልብጦ የመጣውን ነው የጫንነው። ሳንሸፋፍን እንነጋገር!

«በነፃ እየሠራሁበት ለምን እቀይራለሁ?» የሚል አይጠፋም። ነፃ አይደለም ወገኖቼ! የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ አለው። ክራክ የተደረገው ቅጂ ቫይረስ ይዞ ቢመጣ የሚክሳችሁ የለም። ልግዛ ብትሉ ዋጋው በዶላር ነው፤ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ከእጥፍ በላይ ወጥቷል። በዚህ ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል። አሮጌው ኮምፒውተራችን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዊንዶውስ 11ን አይችልም። ታዲያ ይጣል?

አይጣልም። ኦፕን ሶርስ ወይም ክፍት ምንጭ የሚባል ሶፍትዌር አለ። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ መገልበጡም፣ ማሻሻሉም፣ ለጎረቤት ማካፈሉም ሕጋዊ ነው። በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ፣ በዎርድና በኤክሴል ፋንታ ሊብሬ ኦፊስ፣ በፎቶሾፕ ፋንታ ጊምፕ አለላችሁ።

የልጆች ጨዋታ እንዳይመስላችሁ! ጤና ሚኒስቴር ከጤና ተቋማት ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ክፍት ምንጭ ነው። የፋይዳ መታወቂያ የተሠራበት ሞሲፕም ከሕንድ ባንጋሎር የመጣ ክፍት ምንጭ ነው። መንግሥት ለራሱ የመረጠውን ለነጋዴው ለምን አይነግረውም?

ለእኔ ግን ዋናው ነገር ዋጋው ሳይሆን ቁልፉ ነው። የገዛ ፊደላችንን ታሪክ ተመልከቱ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም የወጡት የግዕዝ ፕሮግራሞች ፊደሉን በየራሳቸው ኮድ ነበር የሚያስቀምጡት። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደል ትርምስ ይሆናል። ዶሴው የእኛ፣ ቁልፉ የሌላ! ያስታረቀን ለሁሉም ክፍት የሆነው ዩኒኮድ ነው፤ የኢትዮጵያ ፊደል የገባበትም በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በአሮጌ ዲስክ ላይ በድሮው ኮድ እንደተቆለፈ የቀረ ጽሑፍ ያላችሁ ነገሩ ይገባችኋል።

ሌላም አለ። ክልላችን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ወራት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦበት ነበር። በኢንተርኔት ፈቃድ ካልጠየቀ አልሠራም የሚል ፕሮግራም በእንዲህ ያለ ጊዜ ምን ይረባል? ሊብሬ ኦፊስ አንዴ በፍላሽ ከመጣ ማንንም አያስፈቅድም።

እንዴት እንሻገር? ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል። መጀመሪያ ፋይላችሁን ሁሉ በሌላ ዲስክ ገልብጡ። የድሮውን አማርኛ ጽሑፍ አሮጌው ፕሮግራም ሳይሞት ወደ ዩኒኮድ አስለውጡ። ከዚያ እዚያው ዊንዶውስ ላይ ሊብሬ ኦፊስ ጭናችሁ ጥቂት ወራት ሥሩበት፤ እጅ ይልመድ። ቀጥሎ ኡቡንቱን ወይም ሊኑክስ ሚንትን ሳትጭኑ ከፍላሽ አስነሱና ፕሪንተሩና ስካነሩ እሺ ማለታቸውን እዩ። ፒችትሪ የሚሠራው በዊንዶውስ ስለሆነ የሒሳቡን ኮምፒውተር አትንኩ። ሁሉን ባንድ ቀን ልቀይር ያለ ደንበኛውን ያባርራል።

የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ በ2003 እ.ኤ.አ. ወስና ወደ ሊኑክስ ገብታ ነበር፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ወደ ዊንዶውስ ልመለስ አለች። የሠራተኛው ቅሬታና ከሌሎች ጋር ፋይል መለዋወጡ አስቸግሯት ነበር። ሀብታም ከተማን የፈተነ ነገር እኛንም ይፈትናል። ስለዚህ ለፈቃድ ትከፍሉት የነበረውን ገንዘብ ለሥልጠናና ለባለሙያ ክፈሉ። እዚሁ ከተማችን ኮምፒውተር ተምረው ሥራ የሚፈልጉ ልጆች አሉ። ገንዘቡ በዶላር ተመንዝሮ ባሕር ከሚሻገር እዚሁ እንጀራ ይሁን!