የቁስል ማሸጊያ ዋጋው ስንት ነው?

(በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ስለ ቁስል እናገራለሁ ስል፣ ይህ የሐኪም ቤት ጉዳይ ነው ብላችሁ የምታስቡ አትጠፉም። ነገሩ ግን የሒሳብም የፍርድም ነው።

እግሩ የቆሰለ አንድ የቀን ሠራተኛ እናስብ። ቁስሉ ለ14 ቀን በየዕለቱ በደረቅ ጎዝ ቢታሸግለት፣ የአንዱም ዋጋ 10 ብር ቢሆን፣ ሐኪም ቤቱ 140 ብር ያወጣል። እርጥበት በሚጠብቅ ባለ 60 ብር ማሸጊያ በየሦስት ቀኑ ቢታሸግለት ግን 5 ማሸጊያ 300 ብር ይፈጃል። ዋጋውን ለምሳሌ ያህል መረጥሁት እንጂ የገበያ አይደለም። መዝገብ ያዡም ጎዙ ይሻላል ብሎ ይፈርማል።

የበሽተኛው ኪስ ግን በመዝገቡ የለም። የደርሶ መልስ መጓጓዣው 20 ብር ቢሆን፣ በ14 ምልልስ 280 ብር ይከፍላል፤ በ5 ምልልስ ግን 100 ብር ይበቃው ነበር። ሁለቱን ወጪ ብንደምር ጎዙ 420፣ ሌላው 400 ብር ሆነ። ነርሷም ለእያንዳንዱ 20 ደቂቃ ብትሰጥ፣ ሦስት ሰዓት ለሌላ በሽተኛ ይተርፋታል። የቀረበት የቀን ሥራ ገና አልተቆጠረም። ገንዘቡ ያለቀበት ሰው መመላለሱን ያቆማል፤ የሚመለሰውም ቁስሉ ሲያመረቅዝ ነው።

ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1962 ዓ.ም. በአሳማዎች ላይ ባደረገው ምርመራ፣ እርጥበቱ የተጠበቀለት ቁስል አየር ካደረቀው ይልቅ በእጥፍ ያህል ፈጥኖ አዲስ ቆዳ እንደሚያለብስ አሳይቷል። ደረቅ ጎዝ ግን ከቁስሉ ይጣበቅና ሲነሣ አዲሱን ሥጋ ይዞ ይላቀቃል።

ይህን ስል ውድ ሁሉ መልካም ነው ማለቴ አይደለም። ያመረቀዘ ቁስል ቶሎ ቶሎ መታየት ይገባዋል፤ ለሦስት ቀን ሸፍነው ቢተዉት ጉዳት አለው። ንጹሕ የመጠጥ ውሃም ቁስል ለማጠብ ከጨው ውሃ ይልቅ ማመርቀዝን እንደሚያበዛ ጥናቶች አላሳዩም። እዚህ ላይ ርካሹ ይበቃል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ወጪውን የደበቀ መዝገብም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ለልምምድ ስንወጣ በእያንዳንዱ በሽተኛ ካርድ ላይ ሦስት ነገር እንጻፍ፦ ቁስሉ ስንት ጊዜ ታሸገ? በስንት ቀን ዳነ? ሰውየው ከየት ተመላለሰ? ርካሹ የትኛው እንደ ሆነ ያን ጊዜ በማስረጃ እንናገራለን።