ደቃቅ የመድኃኒት ቅንጣቶችና ካላዛር

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




አንድ መሐንዲስ ስለ በሽታ ሲናገር መስማት እንግዳ ሊሆንባችሁ ይችላል። ሆኖም ዛሬ የማነሣው ጕዳይ ከሐኪሙ ቤት ተነሥቶ ወደ እኛ ሙያ የመጣ ነው፤ ይኸውም ስፋቱ ከ100 ናኖሜትር ያነሰ፣ ማለት የሰው ጠጉር ውፍረት አንድ ሺሕኛ ገደማ የሆነ የመድኃኒት ቅንጣት የመሥራት፣ የማድረቅና የማጓጓዝ ጥበብ ነው። በዚህ መስክ የሚታተመው ጥናት እጅግ ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን ከአይጥ አያልፍም። ትኩረት ከተነፈጋቸው የጥገኛ ተውሳክ በሽታዎች መካከል ይህ ጥበብ ከሕሙማን አልጋ የደረሰው በዋነኛነት ለካላዛር በመሆኑ፣ ንግግሬን በእርሱ እወስናለሁ።

ካላዛር በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ካልታከመም በአብዛኛው የሚገድል በሽታ ነው። በአገራችን ይበልጥ የሚያጠቃው ለሰሊጥ ሥራ ከደጋ ወደ ሑመራና መተማ ቆላ የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች ነው። ተውሳኩ የሚሸሸገው በጣፊያ፣ በጉበትና በአጥንት መቅኔ በሚገኙ ማክሮፌጅ በተባሉ ሕዋሳት ውስጥ ነው። የእነዚህ ሕዋሳት ተግባር ደግሞ በደም ውስጥ የሚያገኙትን ባዕድ ቅንጣት መዋጥ ነው። የነገሩ ውበት እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ ሊፖሶም በተባለ ደቃቅ የስብ ከረጢት ቢጠቀለል፣ ሕዋሱ ራሱ ይውጠዋል፤ ጠላት የተሸሸገበትን ጓዳ ባለቤቱ በገዛ እጁ ከፈተልን ማለት ነው።

ሊፖሶምን በ1960ዎቹ ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው አሌክ ባንግሃም ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1977 እና በ1978 የወጡ ጥናቶች አንቲሞኒ በሊፖሶም ሲታሸግ በላቦራቶሪ እንስሳት ላይ ኀይሉ በብዙ መቶ እጥፍ እንደሚጨምር አሳዩ። ለሕክምና የበቃው ግን ኩላሊትን በመጕዳት የሚታወቀው አምፎቴሪሲን ቢ ነበር። በሊፖሶም ታሽጎ ጕዳቱ በእጅጉ በመቀነሱ፣ አምቢሶም በሚል ስም በ1997 በአሜሪካ ለካላዛርም ተፈቀደ።

በ2010 ከሕንድ የወጣው ውጤት ጕዳዩ ያለቀ አስመስሎት ነበር። በኪሎ 10 ሚሊግራም አንድ ጊዜ ብቻ ተሰጥቶ ከመቶ ሕሙማን 96 ያህሉ ዳኑ። በኢትዮጵያና በሱዳን ተሞክሮ በ2014 በታተመው ጥናት ግን በዚሁ መጠን የዳኑት ከመቶ 58 ብቻ ናቸው። በጠቅላላው በኪሎ 21 ሚሊግራም ተከፋፍሎ ሲሰጥ 85 ደረሰ። ቅንጣቱ ያው፣ መጠኑም ያው ነበር፤ አገሩ ግን ሌላ ነው። ስለዚህም በሌላ አገር የተገኘ መጠን እዚህ ሳይፈተን መወሰድ የለበትም የምለው ከዚህ በመነሣት ነው።

ኤች አይ ቪ ላለባቸው የካላዛር ሕሙማን ጎንደርና አብዱራፊ የተካሄደው ጥናት በ2019 ታተመ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ለምሥራቅ አፍሪካ አምቢሶም በድምሩ በኪሎ 30 ሚሊግራም ከሚልቴፎሲን ጋር እንዲሰጥ መከረ። እስቲ እናስላው። ሕመምተኛው 50 ኪሎ ቢመዝን 1,500 ሚሊግራም ያስፈልገዋል፤ አንዱ ብልቃጥ 50 ሚሊግራም በመሆኑ 30 ብልቃጥ ለአንድ ሰው! አምራቹ ጊልያድ በ2011 ለአምስት ዓመት 445,000 ብልቃጥ ለመለገስ ተስማምቷል፤ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን በልገሳ ላይ የቆመ ሕክምና ነው።

ከዚህም በላይ ብልቃጡ ከ25 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት መቀመጥ የለበትም። የመተማ ሙቀት በበጋ ከ40 ሊያልፍ ይችላል። ዱቄቱ የሚበጠበጠው በንጹሕ ውሃ ብቻ ነው፤ ጨው ያለበት ፈሳሽ ከነካው ይበላሻል።

ዛሬ ተመራማሪዎች ከሚከተሏቸው መንገዶች አንዱ ማክሮፌጅን እንዲስብ ቅንጣቱን ማኖስ በተባለ ስኳር መልበስ ነው። የሚያምር አሳብ ነው፤ ነገር ግን ሕዋሱ ሳይጋበዝም የሚውጠውን ለማስዋብ የፋብሪካውን ሥራ ማብዛት አይታየኝም። ሁለተኛው አምፎቴሪሲንን በአፍ እንዲወሰድ ማድረግ ነው። እኔ ተስፋ የምጥለው በዚህኛው ላይ ነው፤ አልጋና የደም ሥር መርፌ አይጠይቅምና። ለየትኛውም ቢሆን የማቀርበው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ በ40 ዲግሪ ስድስት ወር ከቆየ በኋላ የቅንጣቱ ስፋት ስንት ሆነ? ይህን የሚመልስ ጽሑፍ ብዙም አይገኝም።

ከአባሎቻችን መካከል የማቀዝቀዣ ሥራ የሚያውቁ አሉ። በቆላው ጤና ጣቢያዎች የመድኃኒት መጋዘኖች ውስጥ ሙቀት መዝጋቢ መሣሪያ ተተክሎ ዓመት ሙሉ እንዲለካ፣ ውጤቱም በሚቀጥለው ጉባኤ እንዲቀርብ ሐሳቤን ለማኅበሩ አቀርባለሁ።