የተዋስነው መጥበሻ
በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ዛሬ ስለ ኤብለስኪወር እንድንናገር ተጠይቀናል። ዴንማርክ የምንኖር ሁላችን እናውቀዋለን፤ የፈረንጆች ገና ሲቃረብ በየቤቱና በየትምህርት ቤቱ የሚቀርበው ኳስ የመሰለ ጣፋጭ ነው። ስሙ በዴንማርክኛ «የፖም ቁራጭ» ማለት ነው። ዱሮ ፖም ይጨመርበት ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው ሰው ያለ ፖም ስለሚሠራው ስሙ ብቻ ቀርቷል።

እኛ የጀመርነው ቸግሮን ነው። አንዲት አባላችን እናቷ አገር ቤት ሲያርፉ የማኅበሩ ሣጥን ባዶ ነበር። የአውሮፕላን ቲኬቱን ከየኪሳችን አዋጥተን ላክናት፤ ግን ሁለተኛ እንዲህ መያዝ የለብንም ተባባልን። የሰፈሩ ነዋሪዎች በአድቬንት የመጀመሪያ እሑድ በጋራ ቤቱ ገበያ ያዘጋጃሉ። እዚያ ምን እንሽጥ? ሳምቡሳ ያልን ነበርን፤ «ልጆቹ የሚፈልጉት ኤብለስኪወር ነው» ያልንም ነበርን። «የራሳችንን ትተን የሰው ምግብ?» የሚል ቅሬታም ተነሣ። በመጨረሻ ሁለቱንም ጎን ለጎን ለማቅረብ ተስማማን።

ችግሩ መጥበሻው ነበር። ሰባት ክብ ጉድጓድ ያለው ከባድ ብረት ነው። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት ዴንማርካዊት አዛውንት ከእናታቸው የወረሱትን አዋሱን፤ ወጥ ቤታችንም መጥተው አሳዩን።

አሠራሩ ይህ ነው። 250 ግራም ዱቄት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ሄልና የተፋቀ የሎሚ ልጣጭ ይቀላቀላል። የ3 እንቁላል አስኳል በ4 ዴሲሊትር ኬርነሜልክ ይመታና ይጨመራል፤ ኬርነሜልክ የእኛ አሬራ ማለት ነው። ትንሽ የቀለጠ ቅቤ ይገባል። የእንቁላሉ ነጭ ለብቻው አረፋ እስኪሆን ተመትቶ በመጨረሻ በቀስታ ይደባለቃል፤ ኳሱን የሚያቀለው እሱ ነው። ሠላሳ ያህል ይወጣዋል። በሄል ፈንታ ኮረሪማ ሞክረን ነበር፤ ጣዕሙ ወደ ቡና ቤት ወሰደንና ተውነው።

በየጉድጓዱ ቅቤ ጠብ ይደረግና ሊጡ እስከ አፉ ጥቂት ሲቀረው ድረስ ይሞላል። ዳር ዳሩ ሲይዝ በሹራብ መሥሪያ መርፌ ሩብ ያህል ይዞራል። ያልበሰለው ሊጥ ወደ ታች ፈስሶ ሌላውን ጎን ይሠራል፤ እንደገና ይዞራል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ኳስ ይሆናል። እኛ ቸኩለን እሳቱን ከፍ አደረግነውና ውጩ ጠቆረ፣ ውስጡ ሊጥ ቀረ። መካከለኛ እሳትና ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ሲቀርብ የተፈጨ ስኳርና የእንጆሪ ማርማላታ ይደረግለታል።

አሁን የምናፍርበትን እንናገር። መጥበሻውን በሳሙና ፈትገን፣ እርጥቡን ደፍተነው አደርን። ጠዋት ዝጎ አገኘነው። የሰው እናት ውርስ! ለባለቤቲቱ ምን እንደምንል ጠፋን። አዲስ ገዝተን እንተካ ያልንም ነበርን፤ ግን የእናት ዕቃ በምን ይተካል?

ያኔ ነው ከመካከላችን አንዷ «እስቲ ምጣድ ነው እንበለውና እናሟሸው» ያለችው። አገር ቤት እናቶቻችን አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ያሟሹ ነበር። እዚህ በየሱቁ የሚሸጠው ራፕስ ዘይትም የጎመን ዘር ዘመድ ከሆነ ተክል የሚጨመቅ ነው። ዝገቱን በሽቦ ፈግፍገን አነሣን፤ እሳት ላይ አደረቅነው፤ ዘይቱን በጨርቅ ስስ አድርገን ቀባን፤ እስኪጨስ አግለን አቀዘቀዝን። ሦስት ጊዜ ደጋገምነው። ጥቁሩ ወዝ ተመለሰ።

መጥበሻውን ይዘን ሄድንና ያደረግነውን ሳንደብቅ ተናገርን። እርሳቸው ጣታቸውን በጉድጓዶቹ ላይ አስኪደው ዝም አሉ። ከዚያ «እናንተ ጋ ይቀመጥ፤ እኔ ብቻዬን ለማን እጋግራለሁ?» አሉን።

ሌላም ነገር ነበር። የእኛ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባና እስከ ገና ይዘልቃል፤ የዴንማርኮች ኤብለስኪወር የሚበላበት ወር በሙሉ ጾም ላይ ይወድቃል። እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ የገባበትን እየጋገርን መቅመስ አንችልም። ሙስሊም እህቶቻችን ቀማሾች ሆኑ። «ጨው ይጨመር»፣ «ሄሉ በዛ» እያሉ እነሱ ፈረዱ፤ እኛ አዞርን። የጾሙን ሳምቡሳም በምስር ሠራን። በገበያው ቀን ማታ ሁለቱም ሳህን ባዶ ነበር።

የተገኘው ገንዘብ ብዙ ባይባልም ሣጥኑ ከእንግዲህ ባዶ አይደለም፤ ዝርዝሩን ገንዘብ ያዣችን ታቀርባለች። ዱቄቱንና ቅቤውን የገዛችሁልን ደጋፊዎች፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።

መጥበሻው በማኅበሩ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ማንኛዋም አባል መዋስ ትችላለች። ስትመልሱት ግን አደራ፣ በሳሙና አትንኩት፤ አድርቃችሁ፣ ዘይት ቀብታችሁ መልሱ። የመጀመሪያውን ትኩስ ሳህን ደግሞ ለጎረቤታችን ማድረስ አትርሱ።