ከጨረቃ ዙሪያ ስንታይ

(ራቤል ላይ ለወጣቶች ከተደረገ ንግግር)



ስለ ጨረቃ ላወራ ነው ስል አንዳንዶቻችሁ ሳቃችሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም። ሥራ ያጣ ምሩቅ ሽቅብ ሰማይ ማየቱ አይቀርም።

ታኅሣሥ 15 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ እኛ ዘንድ የነቢያት ጾም ነው። አፖሎ 8 የምትባል የአሜሪካ መንኮራኩር ፍራንክ ቦርማንን፣ ጂም ሎቬልንና ቢል አንደርስን ይዛ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ጨረቃን ትዞራለች። ሰው እዚያ ሲደርስ የመጀመሪያው ነው። ዓይናቸውም ካሜራቸውም የጨረቃ ገጽ ላይ ነበር። በአራተኛው ዙር ግን ከጨረቃ አድማስ ጀርባ ሰማያዊና ነጭ ነገር ብቅ አለ። ምድር ናት! አንደርስ የቀለም ፊልም በጥድፊያ አስመጥቶ አነሳት። (በነገራችን ላይ ጨረቃ ላይ ለቆመ ሰው ምድር አትወጣም፣ አትጠልቅም፤ አንድ ቦታ እንደተሰቀለች ናት። "የወጣችው" መንኮራኩሯ ስለዞረች ነው።)

እኛስ የት ነበርን? ሰዓቱ በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ40 ገደማ ነው። ምዕራብ አፍሪካ ላይ ጀምበር እየጠለቀች ነበር፤ እኛ ጨለማው ውስጥ ነን። ጨረቃ ግን የአምስት ቀን ልጅ ሆና በምዕራብ በኩል ነበረች። ያን ማታ ሰማዩ ጠርቶ ከነበረ፣ እዚህ ራቤል ላይ ከቤቱ ወጥቶ ቀና ያለ ገበሬ ሳያውቀው ወደ እነዚያ ሦስት ሰዎች እያየ ነበር።

አገራችን በቀን ብርሃን የታየችበት ዝነኛ ፎቶ የመጣው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ኅዳር 28 ቀን 1965 ዓ.ም. አፖሎ 17 ወደ ጨረቃ ስትሄድ መንገድ ላይ ተነሳ። ሁላችሁም አይታችሁታል፤ ቀይ ባሕርና የአፍሪካ ቀንድ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ይሄን ፎቶ እያሳዩ "ከላይ ሲታይ ድንበር የለም" የሚሏችሁ አሉ። እውነት ነው፣ ድንበር አይታይም። ሰውም አይታይም እኮ! ያ ዓመት ጎረቤታችን ወሎ ዝናብ ከድቶት ረሃብ የገባበት ዓመት ነው። ፎቶው ላይ ግን ምድር እንደ ዕንቁ ታበራለች።

ወሎን ያየው በእግሩ የሄደ ሰው ነው። በዚያው ዓመት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶ ይዘው ለተማሪው አሳዩ። መንግሥት ሸፋፈነው። ዓለም የሰማው ጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም እንግሊዝ አገር ሲታይ ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወገን አለቀ።

ከዚያ ወዲህ ከላይ የሚያየው ዓይን ተስሏል። ጤነኛ ቅጠል እኛ የማናየውን ብርሃን በብዛት ይመልሳል፣ የጠወለገ ደግሞ ይቀንሳል፤ ሳተላይት ይህን ትለካለች። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ አሜሪካኖች በዚህ ዘዴም እየታገዙ ረሃብ ሳይገባ የሚያስጠነቅቅ ሥርዓት አቋቋሙ። እኛም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. 72 ኪሎ የምትመዝን የመጀመሪያ ሳተላይታችንን ከቻይና አመጠቅን፤ መቆጣጠሪያዋ እንጦጦ ላይ ነበር። ቻይና ብዙውን ወጪ ሸፈነች ብለው ያጣጣሏት ነበሩ። እኔ ግን ደስ ብሎኛል።

የአውሮፓዎቹ ሴንቲኔል 2 ደግሞ በየአምስት ቀኑ በግሼ ላይ ያልፋል። የምስሉ አንድ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው፤ የአባቶቻችን ማሳ ይለያል ማለት ነው። ደመና ከሌለ የበልጉ ገብስ ሲጠወልግ ይታያል። ምስሉ በነፃ ነው! ታዲያ ማን እያየው ነው? ሌላ ሰው። እዚህ ጂኦግራፊ፣ ግብርና፣ ኮምፒውተር ተምረን ድንጋይ ላይ የተቀመጥን ስንት ነን?

ስለዚህ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እንገናኝና የግሼን የአምስት ዓመት የበልግ ምስል አውርደን ቀበሌ በቀበሌ እናያለን። እኔ የማውቀውን አሳያለሁ፤ የግብርና ልጆች ደግሞ ማሳው ድረስ ወርደው እውነት መሆኑን ያረጋግጣሉ። ላፕቶፕ ያለው ይዞ ይምጣ፤ መብራት ስለማይታመን ባትሪውን ቅዳሜ ሞልቶ።