ጉድጓዱን ማን ቆፈረው?

እህል ስትለቅም መሬት የወደቀችውን አንዲት ፍሬ ሳታነሳ የማታልፍ አያት አላችሁ? በ1880 ዓ.ም. የጀመረውን፣ ከብት ደስታ በተባለ በሽታ አልቆ ገበሬው የሚያርስበት በሬ ያጣበትን ክፉ ቀን በዐይኗ አላየችም። ጣቷ ግን የሚያውቀው ይመስላል። እውን ትዝታ በደም ይወረሳል?

እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ፣ ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ፣ ተመራማሪዎች አይጦችን አንድ ሽታ እያስሸተቱ በኤሌክትሪክ ነዘሯቸው። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ሳይነዘሩ ለዚያው ሽታ ደነገጡ። ግኝቱ ገና ያከራክራል። እውነት ቢሆን እንኳ የወረሱት ድንጋጤውን ነው። አያታቸውን ማን እንደነዘረው አያውቁም። ለእኔ ትዝታ ማለት ይህን ማወቅ ነው።

ይህን ዓይነት ትዝታ አጥብቀው የሚይዙ ሰዎች አሉ፤ በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ግራና ቀኝ የሚኖሩት ቦረናዎች። እ.ኤ.አ. በ1907 ኢትዮጵያና እንግሊዝ የተዋዋሉት ድንበር ቦረናን ለሁለት ከፈለው። ታላላቆቹ የቱላ ጉድጓዶች በወዲህ፣ በኢትዮጵያ ቀሩ። በጥልቁ ጉድጓድ ወንዶች ከታች እስከ ላይ በእርከን ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ኦኮሌ የሚባለውን የውኃ መቅጃ ከእጅ ወደ እጅ ያሻግራሉ። ጉድጓዱን መጀመሪያ የቆፈረው ሰው ዘር ኮንፊ ይባላል፤ በውኃው ላይ መብት አለው። እንግዲህ የቆፋሪው ስም ቢረሳ መብቱስ በምን ይታወቃል? ለዚህ ነው ቦረና የዘር ሐረጉን እንደ ዋዛ የማያየው።

በቦረና የገዳ ሥርዓት ደግሞ ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል፤ ጎጌሳ የሚባሉት አምስት ቡድኖች ተራቸውን ጠብቀው አባት የያዘው ዘመን ከ40 ዓመት በኋላ ወደ ልጁ ይመጣል። በአባት ዘመን የደረሰው ድርቅ ወይም ጦርነት በልጁም ዘመን ሊመለስ ይችላል ብለው ያምናሉ፤ ዳጪ ይሉታል። አንትሮፖሎጂስቱ አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን የቦረና የዘመን አቆጣጠር በጥልቀት አጥንተውታል። እኔን የሚገርመኝ ሸክሙ ነው፤ ያልኖርክበትን ዘመን የማወቅ ግዴታ አለብህ። ደሙ ብቻውን አያስታውስም፤ ሽማግሌው ይነግራል፣ ልጁ ይሰማል፣ ሲሳሳት ይታረማል።

እኛም እስከ ሰባት ቤት ቆጠራ ነበረን። ስንቶቻችን ከአያታችን እናልፋለን?

ዛሬ እራት ላይ ቤታችሁ ያለውን አዛውንት አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ «የምንጠጣበትን ጉድጓድ ማን ቆፈረው?» ስሙን ከነገሯችሁ ልጆቻችሁ እስኪይዙት ድረስ ደጋግማችሁ አስጠሯቸው።